ፊት የሌለበት ፎቶግራፍ

ሥራ የጀመርኩት በ1996 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ ነው፤ በከተማችን ላይኛው ሰፈር በሴቻ፣ ከዞን መሥሪያ ቤቶቹ ጀርባ፣ ለአንድ የጥናት ፕሮጀክት በተከራየች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ። የመጀመሪያ ቀኔ ነው ብዬ አዲስ ጫማ አድርጌ ሄድኩ። የመስክ ተቆጣጣሪው ጋሽ ታደሰ ፊቴን ሳያዩ ጫማዬን አዩና «ልጄ፣ ይኼ ለሰርግ ነው ለቅዳሴ?» አሉኝ። በጣም ተናደድኩ። በማግስቱ ግን የወንድሜን ቦት ጫማ አድርጌ መጣሁ።

አባቴ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የመሬት ቀያሽ ነበር፤ እናቴ የጋሞ ደጋ ልጅ ናት። አማርኛውን ከእሱ፣ ጋሞኛውን ከእሷ አገኘሁ። መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ የተቀጠርኩትም ለዚሁ ነው እንጂ የትምህርት ማስረጃዬ ያን ያህል የሚያኮራ አልነበረም።

ጋሽ ታደሰ የሸራ ቦርሳ ሰጡኝ። ውስጡ መጻፊያ ሰሌዳ፣ መጠይቆች፣ የፈቃደኝነት ቅጾች፣ የጣት አሻራ ቀለም፣ ወረቀቱን ከዝናብ የሚከልል ላስቲክና እርሳሶች ነበሩ። እስክሪብቶዬን ሳወጣ «እሱን ቤትሽ አስቀምጪው፤ ደጋ ላይ ዝናብ ሲነካው ቀለሙ ይለቃል» አሉኝ። ቀጥለውም የሥራውን ሥርዓት ነገሩኝ። «ሰው ቤት ስትገቢ ስለ ዝናቡ ጠይቂ፣ ከዚያ ስለ እንሰቱ፣ ከዚያ ስለ ልጆቹ። መጠይቁ ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ከቸኮልሽ እነሱም ቸኩለው ይመልሱልሻል።»

በእኛ ሥራ ከታች መረጃ ሰብሳቢ አለ፤ ከእሱ በላይ ተቆጣጣሪ፣ ከዚያ አስተባባሪ፣ ከሁሉም በላይ ዋና ተመራማሪ። እኔ ከታች ጀምሬ አስተባባሪ ሆኜ ነው የወጣሁት። ዋና ተመራማሪ መሆን ተመኝቼ አላውቅም፤ ዋና ተመራማሪ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው አዲስ አበባ ነው፣ እኔ ደግሞ መቀመጥ አልወድም።

ያ ዘመን ይናፍቀኛል። ከሴቻ በሚኒባስ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ እንወርዳለን፤ ከሲቀላ የተገኘው አይሱዙ ላይ ተጭነን ወደ ደጋ፣ ከዚያ በእግር። ኦቾሎ ጉብታ ላይ ስንደርስ ጋሽ ታደሰ «እዚህ ሳላርፍ ካለፍኩ የአባያ ውሃ ይታዘበኛል» ይሉና ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ቋጥረን የመጣነውን ቆጮ እየበላን የሐይቁን ቀይ ውሃ ቁልቁል እናያለን። ዛሬ ታብሌት ይዘው በመኪና ደጃፍ ድረስ የሚደርሱትን ልጆች ሳይ አልቀናባቸውም። ይልቅ ያሳዝኑኛል።

በጋሞ ደጋ ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦች የሚኖሩት ለብቻቸው ነው። እኔ ሥራ ስጀምር አብዛኞቹ የሚያርሱት መሬት አልነበራቸውም። ገበሬው እንስራቸውን ይገዛል እንጂ ከቤታቸው አይበላም፣ ልጁንም አይድርላቸውም። ገበያ ላይ ቦታቸው ዳር ነው። አሁን ይኼ ነገር ቀንሷል ይባላል፤ እውነትም ቀንሷል፣ አልጠፋም እንጂ። የምናገርለትን ቀበሌ ስም አልጽፍም።

እማማ አልታዬን ያወቅኋቸው በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ቅጹን አንብቤላቸው ከተስማሙ በኋላ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። ምንም መስመር የሌለበት ጥቁር ክብ ወጣ። ደገምን፤ ያው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጭቃ ሲያለሰልሱ ጣታቸው ራሱ ለስልሶ ኖሯል።

«አሻራ የለኝም። ታዲያ አልተስማማሁም ማለት ነው?» ብለው ሳቁ።

ጋሽ ታደሰ ወረቀቱን አዩና «ይኼማ የእርስዎ ነው። እንዲህ ያለ ጣት ሌላ ማን አለው?» ብለው ተቀበሏቸው።

ጠይቄ ስጨርስ ደግሞ በተራቸው እሳቸው ጠየቁኝ። «ባለፈውም መጥታችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። የነገርኳችሁ የት ሄደ?»

«እነዚያ ሌሎች ናቸው እማማ።»

«ለእኔ ሰሌዳ የያዘ ሁሉ አንድ ነው። የት ሄደ?»

ሰሌዳዬን ወደ ቦርሳው መለስኩ። የሌሎቹን አላውቅም፤ የእኛ ግን የት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ቢሮ ጓዳ ውስጥ በካርቶን ይታሸግና ምስጥ ይበላዋል። ያ ጥያቄ ለዓመታት ደጋ በወጣሁ ቁጥር አብሮኝ ይወጣ ነበር።

ዶክተር መስፍን የመጡት በ2006 ወይም በ2007 ይመስለኛል። ያኔ አስተባባሪ ሆኛለሁ፤ ድምፅ የምንቀዳበት ካሴት በዲጂታል መቅጃ ተተክቷል፤ ጋሽ ታደሰ ጡረታቸው ደርሶ ጉልበታቸውን በቅባት እያሹ ይሠራሉ። ዶክተሩ የሸክላ ሠሪዎችን ኑሮ ሊያጠኑ ነበር የመጡት፤ ዋና ተመራማሪ ሆነው ሳለ እኛው ዘንድ ሰነበቱ። ደግ ሰው ናቸው። ስለ ካርቶኖቹና ስለ ምስጡ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«የድሃን ሰው ጊዜ ወስደን፣ የነገረንን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ስርቆት ነው» አሉ። «ከእንግዲህ የምንሰበስበው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ይሆናል። ሌላ ተመራማሪ መጥቶ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ አያሰለቻቸውም።» የጥናቱን ወጪ የሚሸፍኑትም እንዲህ የሚል ደንብ አውጥተው ነበር። እኔም ደስ አለኝ። የእማማ አልታዬ ጥያቄ በስተመጨረሻ መልስ ያገኘ መሰለኝ።

ደንቡ ሲደርሰን ግን ቃለ መጠይቁን ጨርሰን ነበር፤ ደንቡ ያንንም ይጨምራል። የእማማ አልታዬንም ቀድቻለሁ። ጎጇቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠን፣ እሳቸው በቅል ስባሪ የእንስራ ሆድ እያለሰለሱ፣ በጋሞኛ ነበር ያወሩኝ። መሃል ላይ እጃቸውን አቁመው «ይኼን ማን ይሰማል?» አሉኝ። በጊዜው ቅጹ ላይ የተጻፈውን ነገርኳቸው፤ ለጥናቱ ብቻ ይውላል፣ ስም አይወጣም። ቅሉን መሬት አስቀመጡና ስለ ልጃቸው ስለ ምሕረት ነገሩኝ።

ምሕረት በልጅነቷ ሴቻ አንዲት ባልቴት ቤት ተጠግታ ተማረች። አስተማሪ ሆነች፤ ከገበሬ ወገን የሆነ ሰው አገባች። ባሏም አማቶቿም የሚያውቋት እናቷ እንደሞተችባት ልጅ ነው። እንዲህ በይ ብለው የመከሯት እማማ አልታዬ ራሳቸው ናቸው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ሲቀላ ገበያ ትመጣለች» አሉኝ። «እንደ ማንም ገዢ ትቆምና እንስራ ታነሳለች። እኔ ዋጋ እጠራለሁ። እሷ ውድ ነው ትላለች። አልቀንስም እላለሁ። እንዲህ እየተከራከርን ልጆቿ ደህና መሆናቸውን፣ ትንሹ ጥርስ ማብቀሉን ትነግረኛለች። ቶሎ ከተስማማን መሄዷ ነው። ስለዚህ አንስማማም።»

ስለ ምሕረት ሌላም ብዙ ነገሩኝ። መቅጃውን ካጠፋሁ በኋላ አለቀስኩ፤ እሳቸው ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ስነሳ ፎቶ እንዳነሳቸው ጠየቅኋቸው። «ፊቴን አታንሺ። እጄንና ሥራዬን ግን አንሺ» አሉኝ። ሁለት እጆችና አንድ የተጠናቀቀ እንስራ አነሳሁ። ከዚያ የተሻለ ፎቶ በሕይወቴ አንስቼ አላውቅም።

መረጃው ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የቢሮአችን ሒሳብ ሹም ወይዘሮ ሰናይት ወረቀት ልታስፈርም ዶክተሩ ክፍል ገባች። ኮምፒውተሩ ላይ ያ ፎቶ ተከፍቷል።

«ውይ! ይቺን እንስራ አውቃታለሁ። እኔ ቤት አለች» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?» አሉ ዶክተሩ።

«አንገቷን እዩት እንጂ! እንዲህ አድርጋ የምትጠመዝዘው አንዲት ሴትዮ ብቻ ናት፤ ሲቀላ ገበያ ዳር የምትቀመጥ። ውሃ እንደሷ የሚያቀዘቅዝ የለም፤ ክርክር ትወዳለች እንጂ። አንዲት አስተማሪ አለች፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከሷ ጋር ስትጨቃጨቅ ነው የምትውለው።» ወረቀቷን አስፈርማ እየሳቀች ወጣች። ቃለ መጠይቁን አላነበበችም፤ የተናገረችው ምን እንደሆነም አላወቀችም።

ዶክተሩና እኔ ግን አውቀናል። ሴቻና ሲቀላ እንስራ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው።

«ስም የለም፣ ፊት የለም፣ ቀበሌ የለም» አሉ ዶክተሩ፣ ለራሳቸው እንደሚነግሩ።

«እንስራው አለ ዶክተር።»

«እንግዲያው ፎቶውን እናስቀረው።»

«ክርክሩስ? እንስራውን ያላየ ሰው እኮ ገበያውን ያውቃል።»

«ከጥናቱ ሁሉ ምርጡ ክፍል ይኼ ነው» አሉ። «ይኼን ያነበበ ሰው ሸክላ ሠሪን ዳር ለማስቀመጥ ያፍራል።»

«እሱ አፍሮ እስኪጨርስ ምሕረት ትዳሯ ይፈርሳል! እናትና ልጅ የሚገናኙባት ቅዳሜም ትቀራለች!» አልኩ። ጮኼ ነበር። አለቃ ላይ ስጮኽ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ዶክተሩም ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እንደተበሳጩ «በቃ፣ ሙሉ በሙሉ እናጥፋው፤ የእሳቸው ቃለ መጠይቅ እንዳልነበረ ይሁን» አሉ። ይኼንም ልቤ አልተቀበለውም። የሰው ዕድሜ ልክ ወሬ እንዲህ በንዴት ይጠፋል?

ጥግ ተቀምጠው ጉልበታቸውን የሚያሹት ጋሽ ታደሰ ያኔ ገቡበት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ምን አስቸኮላችሁ? በእኛ አገር ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌ በሚቀመጥበት አደባባይ፣ ባለቤቱ የሌለበት ነገር አይነሳም። ብናወጣውም ብናጠፋውም ያለ እሳቸው ነው የምንወስነው። ወጥተን እንጠይቃቸው።»

«እኔም እመጣለሁ» አሉ ዶክተሩ።

ቤታቸው ስንደርስ እማማ አልታዬ ቆጮና ጎመን አቀረቡልን። እዚህ ላይ ስለ ጋሽ ታደሰ አንድ ነገር ልናገር። እሳቸው ከገበሬ ወገን ናቸው፤ ባወቅኋቸው ዓመታት ሁሉ ሸክላ ሠሪ ቤት ስንገባ ምንጊዜም ጾመኛ ነበሩ፣ በፋሲካ ማግስትም ሳይቀር። እኔም እያወቅሁ ዝም እል ነበር። ያን ቀን እጃቸውን ታጠቡና በሉ። እማማ አልታዬም አዩና ጎመን ጨመሩላቸው።

ዶክተሩ በአማርኛ ማስረዳት ጀመሩ። «ኢንተርኔት እንደ ገበያ ነው እማማ፤ ማንም ገብቶ ያያል።»

እማማ አልታዬ በገበያ አማርኛቸው መለሱላቸው። «ገበያ ከሆነ እኔ የት ነኝ? ዳር ነው፣ መሃል ነው?»

«እዚያ ዳር የለም። ሁሉም እኩል ነው።»

«ገበያ እኔ ሰው አያለሁ፣ ሰው እኔን ያያል። እዚያስ? እሱ ብቻ ነው የሚያየኝ?»

ዶክተሩ «አዎ» አሉ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ሲያሙዎትም አይሰሙም።»

ከዚያ እማማ አልታዬ ለመቅጃው የተናገሩትን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጋሞኛ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስጨርስ ወደ ቋንቋቸው ተመለሱ፤ እኔ ለዶክተሩ ተረጎምኩ።

«ጭቃው ወገቤን እንደሰበረው፣ ጭሱ ዓይኔን እንዳፈሰሰው፣ ሰው እጄን ላለመንካት ብሩን መሬት ላይ እንደሚጥልልኝ፣ ያን ሁሉ አውጡት። ማንም ይስማው። የምሕረት ነገር ግን የእኔ ብቻ አይደለም። እሷን ሳልጠይቅ አልሰጥም።»

«እንዴት አድርገን እንጠይቃት?» አሉ ዶክተሩ።

«እናንተ አትጠይቋትም። ቅዳሜ እኔ እጠይቃታለሁ።»

ቅዳሜ ሲቀላ ገበያ ራቅ ብዬ፣ ሽንኩርት የምመርጥ መስዬ ቆምኩ። ምሕረት መጣች። ቀይ ዳማ ናት፤ ጃንጥላ ይዛለች። እንስራ አነሳች፣ ዋጋ ተጠራ፣ ክርክሩ ተጀመረ። እንደዚያ የረዘመ ክርክር አይቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ እንስራውን አስቀምጣ ሄደች፤ ተመለሰች። ሽንኩርት ሻጯ «እነዚህ ደግሞ ጀመራቸው» ብላ ሳቀች። እኔ ብቻ ነበርኩ ምሕረት የእንስራውን አንገት ጨብጣ አልለቅ ስትል ያየሁት። በመጨረሻ ከፍላ ይዛው ሄደች።

ተጠጋሁ። እማማ አልታዬ የተረፈውን እንስራ በሣር እየደገፉ ነበር።

«አይሆንም አለች» አሉኝ። «ልጆቼ ይደጉ፤ የምናገርበትን ቀን ራሴ ልምረጥ አለች። ልክ ናት።» ሣሩን እየጠቀጠቁ ደግሞ «ስለ እኔ ምን ብለሽ ነገርሻቸው አለችኝ» አሉ።

«ምን አሏት?»

«ሌላ ገዢ መጣብኝ። ሳልነግራት ሄደች።»

ዶክተር መስፍን ያን ክፍል ከጽሑፉም ከድምፁም አጠፉት፤ ከሁሉም ማሽን። ስናጠፋ አጠገባቸው ነበርኩ። ወጪ ሸፋኞቹ ቅር አላቸው፤ ጥናቱም በጣም ቀለለ። ዶክተሩ አዝነው ነበር፣ እኔም አዝኜ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ ቢሮ ለባለቤቱ መልሶ ሳይነበብለት የተከፈተ ነገር የለም።

ፎቶውንም ልናስቀረው ስንል እማማ አልታዬ እምቢ አሉ። የእጃቸው ሥራ እንዲታይላቸው ይፈልጋሉ። «እናንተ ስሜን ትቀይሩ የለም? እኔም እንስራ እቀይራለሁ» አሉ። በዚያች አገር ማንም ሠርቶት የማያውቅ አንገት ያለው እንስራ ሠሩ። ጎረቤቶቻቸው መጥተው አይተው በሳቅ ፈረሱ። ዛሬ ዓለም የሚያየው ፎቶ እሱ ነው። እንስራው እኔ ቤት አለ፤ አስቀያሚ ነው፣ ውሃም ያፈስሳል።

እኔ ሥራውን ልተው በተቃረብኩበት ዓመት እማማ አልታዬ አረፉ። ጋሽ ታደሰና እኔ ለቅሶ ወጣን፤ እሳቸው በከዘራ። ስንደርስ ከሬሳው ፊት ቆማ «እናቴ! እናቴ!» እያለች ደረቷን የምትመታ ሴት አለች። ምሕረት ነበረች። የመረጠችው ቀን ያ ነበር። ባሏ ከኋላዋ ቆሞ ትከሻዋን ይዟል። ከእሱ ዘመዶች አንድም ሰው አልመጣም።

አርባው ካለፈ በኋላ ቤቴ መጣች። በር ላይ ያን አስቀያሚ እንስራ አየችና ቆመች። አንገቱን ዳሰሰችው። «የእሷ አይመስልም» አለች። እንዴት እንደተሠራ ነገርኳት፤ ስቃ አለቀሰች።

ከዚያ «ድምጿ አለ?» አለችኝ።

«ሌላው አለ። ስለ አንቺ የተናገሩት ግን ጠፍቷል።»

«እኔ ነኝ ያስጠፋሁት።»

«አዎ።»

«ዛሬም ብትጠይቁኝ አይሆንም ነው የምለው» አለች። «ግን ያን ቀን ምን እንዳለች ጠይቄያት ሳትነግረኝ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ስንት ቅዳሜ ተገናኘን፤ ሁለታችንም አላነሳነውም።»

ድምፁ ጠፍቷል፤ የሰማው ጆሮ ግን አለ። ምሕረትን አስቀምጬ፣ እናቷ በነገሩኝ ቋንቋ፣ በነገሩኝ ቃል፣ እስከማስታውሰው ድረስ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ምን እንደነገርኳት እዚህ አልጽፍም። የእሷ ነው።

ይህን ጽሑፍ ምሕረት ከማንም በፊት አንብባዋለች። የገበያውን ክርክር እንድጽፍ የፈቀደችው እሷ ናት። የሁሉንም ስም ቀይሬያለሁ፤ የእማማ አልታዬ እንስራ አንገትም እዚህ እንደጻፍኩት አይደለም።

ሰሌዳውን ትታችሁ ታብሌት ለያዛችሁ የሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይኼን ነው። የተነገራችሁ ነገር ባለቤቱ የነገራችሁ ሰው ብቻ አይደለም። ስትከፍቱትም ስታጠፉትም ሁሉንም ጠይቁ።